መልስ፦ ለኮን ውድድር ጎማ ስንት ይነፋ?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ላይ በተዘጋ አስፋልት በኮኖች መካከል ለምትነዳት ኮሮላህ «ስንት ልንፋ?» ብለሃል። ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ መነሻ ግን አለ። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው የንፋስ ልክ 32 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ከሆነ፣ ፊት 36 ኋላ 34 ብለህ ጀምር። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፍ።

ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ጥላ ውስጥ ሳለ ለካ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የንፋሱ ግፊት 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። የድሬ ፀሐይ የመታው ወገን ደግሞ ከሌላው በልጦ ያሳስትሃል። በየጎሚስታው መለኪያ አትለካ፤ ሁልጊዜ ያንኑ የራስህን ተጠቀም።

ዋናው ሥራ በጠመኔ ነው። የጎማው ጥርስ የሚያበቃበትና ወደ ጎን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት ፈልግ፤ ብዙ ጎማ አለው። እሱን አቋርጠህ ከጥርሱ እስከ ጎኑ ወፍራም መስመር አስምር፣ በአንድ ጎማ ሦስት ቦታ። ሁለት ዙር ነድተህ እይ። ጠመኔው ከምልክቱ አልፎ ጎኑ ድረስ ከተፋቀ ጎማው እየተጣጠፈ ነውና 2 ጨምር፤ ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል፣ 2 ቀንስ። የፊቱ ልክ ከያዘ በኋላም መኪናዋ መሪ አልቀበል ብላ ወደ ውጭ ከገፋች፣ የኋላውን 2 ጨምር፤ ኋላዋ ቀለል ብሎ ይዞራል። ኋላዋ ካመለጠህ መልሰህ ቀንስ።

ጎማው እንደሞቀ ያስተነፈስከው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ከመያዝህ በፊት በሩ ላይ ወዳለው ቁጥር መልሰው። ሐረር ላይ ከፍታው መለኪያውን 1 ያህል ያስጨምራል፣ ብርዱ ደግሞ ይወስደዋል፤ አትጨነቅበት።