መልስ፦ ቴራፒስት ጋ የመጀመሪያ ቀን

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ሄደህ የግል ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) ልታይ ቀጠሮ ይዘህ «ምን ይጠይቀኛል? መድኃኒት ይሰጠኛል ወይ?» ብለሃል። እኔ አምና አልፌበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ጥያቄ ነው። ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ መጠጥ፣ ከዚህ በፊት ስለታከምከው። እኔ ሶፋ ላይ የምጋደም መስሎኝ ነበር። ሁለት ወንበርና አንድ ሶፍት ብቻ! ቴራፒስቱ «ምን አመጣህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። የእኛ ነገር መቼስ ታውቀዋለህ። አልሳቀም። ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ያ ዝምታ ነው ያስለፈለፈኝ።

አንድ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ቴራፒስትህ ሳይኮሎጂስት (የሥነ ልቦና ባለሙያ) ከሆነ መድኃኒት አያዝም፤ ካስፈለገ ወደ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ይልክሃል። ወሬዬ ማርቆስ ይደርሳል ብለህ አትስጋ፤ የነገርከው ሚስጥር ነው። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ነው ብሎ ከሰጋ ግን ዝም አይልም። ይህን መጀመሪያ ራሱ ሊነግርህ ይገባል፤ ካልነገረህ ጠይቀው። ዋጋውንና ብትቀር ያስከፍል እንደሆነ ቀድመህ በስልክ አጣራ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ስትወጣ ድክም ሊልህ ይችላል። እኔ ስመለስ መኪና ውስጥ እስከ ቡሬ ተኝቻለሁ። ጠበል እየተጠመቅክ ከሆነ አትደብቀው፣ ንገረው። ሦስት አራት ጊዜ ሄደህ ካልተግባባችሁ ደግሞ ሌላ ፈልግ፤ አይቀየምህም።