የሚጣበቀው የኬልቲ ቦርሳ

አንድ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ኬልቲ ገዛሁ። የአልሙኒየም ፍሬሙ ከውጭ የሆነው፣ ፈረንጅ ተራራ የሚወጣበት ቦርሳ። ውስጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሽታው አይጣል ነው። ሁለት ፒን ጎድሎታል፣ ፍሬሙም አንድ ጥግ ላይ ብየዳው ተሰንጥቋል። ለስብስቤ ነው እንጂ አልሸከመውም። በያጅ ጋ ልውሰደው?»

ወንድሜ፣ በያጅ ጋ አትቸኩል። መጀመሪያ ሽታው።

የናይለኑ ውስጠኛ ፊት ውሃ እንዳያስገባ ፖሊዩሬቴን ተቀብቷል። ዓመታት ሲቆጠሩ የአየሩ እርጥበት ቅቡን ይበላዋል። መጀመሪያ ሙጫ ይሆናል፣ ቆይቶ እንደ ፎረፎር ይረግፋል። ብዙ ሰው ጨርቁ የበሰበሰ መስሎት ይጥለዋል። እስቲ ስፌቱ አጠገብ በሁለት አውራ ጣትህ ወጥረህ ሳበው። ካልተተረተረ ጨርቁ ደህና ነው። ክዳኑን ግን ለይተህ እይ፤ ናይለን ጠላቱ ፀሐይ ነው።

ቦርሳውን ከፍሬሙ ሳትለይ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ። የትኛው ቀዳዳ ላይ ምን እንደነበረ ትረሳለህ፣ እኔም እረሳለሁ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍሬሙ ፈትተህ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፈህ አሳድረው። ጠዋት ገልብጠህ፣ ጨርቅ በፋርማሲ አልኮል እያራስክ እሸው። ቅቡ እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ይወጣል። ቀለሙን እንዳይለቅ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክር። መስኮት ክፈት፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም፣ አልኮል እሳት ይስባል። በረኪና አታስጠጋው። ማድረቂያው ጥላ ነው። ከዚህ በኋላ ዝናብ አይችልም፣ ግን አንተ መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው።

ፒኑ ቦርሳውን ከፍሬሙ የሚያያይዝ፣ ራስ ያለውና ጥርስ የሌለው ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የቁልፍ ቀለበት የመሰለ ሽቦ ይገባበታል። ሰው ሲጠፋበት ቡሎንና ዳዶ ይከትበታል። የቡሎኑ ጥርስ የአልሙኒየሙን ቀዳዳ እንደ ሞረድ ያሰፋዋል፣ ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል። ከቀሩት ፒኖች አንዱን ይዘህ ቶርኖ ቤት ሂድ። በእስቴንለስ በልኩ ያወጣልሃል። ቀለበቱን ቁልፍ ቀራጮች ጋ ታገኛለህ።

አሁን ብየዳው። ፒያሳ ስሠራ የአንድ ደንበኛን ፍሬም ለአንድ በያጅ ሰጥቼ አፍሬ ቀርቻለሁ። ብረት ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፣ ያስጠነቅቃል። አልሙኒየም ግን 660 ዲግሪ ላይ ቀለሙን ሳይለውጥ ይቀልጣል። በያጁ «ገና ነው» እያለ ጥጉ ጠብ አለ። ለደንበኛው ምን ብዬ እንደነገርኩት አይጠየቅ። በአርጎን ጋዝ የሚበይድ፣ ስስ አልሙኒየም የለመደ ሰው ካገኘህ ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን እሳት የነካው አካባቢ ይለሰልሳል። አንተ ስለማትሸከመው ለሁለት የተሰነጠቀ ቁራጭ ቱቦ ስንጥቁ ላይ አልብሰህ በሰም ክር እሰረው። ነገ የተሻለ ባለሙያ ብታገኝ ይፈታል።

የወገብ ቀበቶውን አልነገርከኝም። ዲክ ኬልቲ በ1952 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ስም ያወጣለት ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ ማውረዱ ነው። ቀበቶው ከሌለ ምናለሽ ተራ ተመለስና ሻጩን ጠይቀው። ለብቻው ተፈትቶ እዚያው ክምር ውስጥ ወድቆ ይሆናል።