ላፕቶፑ ከስሊፕ ሲነሳ ዋይፋይ ለሚጠፋበት

ጥያቄ፦ ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። ኡቡንቱ የተጫነበትን ላፕቶፔን ክዳኑን ዘግቼ ምሳ በልቼ ስመለስ ዋይፋይ የለም፤ የኔትወርኮቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ሪስታርት ካደረግኩት ይሠራል። የዋይፋይ ካርዱን ላስቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ሪስታርት ሲደረግ የሚሠራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ላፕቶፑ ሲተኛ የካርዱ ኃይል ይቀነሳል፤ ሲነቃ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ካርዱን መልሶ ማስነሳት ያቅተዋል። ምናልባት በምሳ ሰዓት መብራት ሄዶ ከነበረ ግን መጀመሪያ ስልክዎን ይመልከቱ፤ ስልኩም ዋይፋዩን ካላገኘ ገና ያልተነሳው ራውተሩ ነው።

ስልኩ ካገኘ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው ‹አርኤፍኪል ሊስት› ይበሉ። ‹ሶፍት ብሎክድ› (በሶፍትዌር ታግዷል) አጠገብ ‹የስ› ካለ ‹አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ› ይፈታዋል። ‹ሃርድ ብሎክድ› (በቁልፍ ታግዷል) ከሆነ የዋይፋዩን ማብሪያ ቁልፍ ይፈትሹ። ሁለቱም ‹ኖ› ካሉ ‹ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኔትወርክማኔጀር› ይሞክሩ።

ዝርዝሩ አሁንም ባዶ ከሆነ ወደ ድራይቨሩ እንሂድ። ‹ኤልኤስፒሲአይ -ኬ› የካርዱን ድራይቨር ስም ያሳያል። ኢንቴል ካርድ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ ድራይቨሩን ‹አይደብሊውኤልዋይፋይ›ን ብቻውን ለማውጣት ሲሞክሩ ‹ኢን ዩዝ› (በሥራ ላይ ነው) ብሎ እምቢ ይላል፤ ሌላ ሞጁል (የድራይቨር ክፍል) ይዞታልና። ‹ኤልኤስሞድ› የያዘውን ሞጁል ስም በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ይጽፋል፤ በብዛት ‹አይደብሊውኤልኤምቪኤም› ነው። ስለዚህ ‹ሱዶ ሞድፕሮብ -አር› ብለው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ‹አይደብሊውኤልዋይፋይ›ን ይጻፉ። ከዚያ ያለ ‹-አር› ‹አይደብሊውኤልዋይፋይ›ን መልሰው ይጫኑ።

በዚህ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከርነሉን (የኡቡንቱን እምብርት) እና የፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) ጥቅሉን ያዘምኑ፤ ብዙ ጊዜ ፈውሱ እዚያው ነው። ጥቅሉ ከባድ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ባያወርዱት ይሻላል።

ካልተሻለው ግን ሥራውን ለማሽኑ ይስጡት። ‹/ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ› ውስጥ አጭር ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ያስቀምጡ። ሲስተምዲ (የኡቡንቱን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ላፕቶፑ ከመተኛቱ በፊት ‹ፕሪ›፣ ከነቃ በኋላ ‹ፖስት› የሚል ቃል ለስክሪፕቱ ይልክለታል፤ በመጀመሪያው ሞጁሎቹን ያውጣ፣ በሁለተኛው ይመልስ። ፋይሉ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ‹ሲኤችሞድ +ኤክስ› ማለትን አይርሱ፤ ያለዚያ ፋይሉ ታልፎ ይሄዳል።

አንዳንዴ ካርዱ ከ‹ኤልኤስፒሲአይ› ዝርዝር ራሱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ድራይቨር ማውጣትና መመለስ ብቻውን ከንቱ ድካም ነው። ‹/ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ› የሚለውን ፋይል ያንብቡ፤ በሥራ ላይ ያለው የአተኛኘት ዓይነት በቅንፍ ተከቧል። ‹ኤስ2አይድል› (ቀላል እንቅልፍ) እና ‹ዲፕ› (ጥልቅ እንቅልፍ) ሁለቱም ካሉ ወደ ሌላኛው ቀይረው ያስተኙት። ለውጡ እስከሚቀጥለው ሪስታርት ብቻ ስለሚቆይ ያለ ስጋት መሞከር ይችላሉ።