የድሮ የሲንተሳይዘር አልበም ምኑ ይማርካል?

ወንድሜ፣ «ዛሬ ስልክ ላይ ሺህ ድምፅ እያለ ሰው የ1970ዎቹን የሲንተሳይዘር አልበም ምን ብሎ ያዳምጣል?» ብለህ ጠይቀሃል (ሲንተሳይዘር በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ ነው)። እኔም ሠርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት በነበርኩባቸው ዓመታት እንዲሁ ነበር የማስበው። አንዱን ቁልፍ ስትጫን ቫዮሊን፣ ሌላውን ስትጫን ማሲንቆ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሐሳቤን ያስቀየረኝ «ፌድራ» ነው። በ1974 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጀርመኖቹ ባንድ የታንጀሪን ድሪም አልበም ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። የመጀመሪያው ሥራ ብቻውን ከ17 ደቂቃ በላይ ነው። ከሥር ባሱ ዱብ ዱብ እያለ ይጓዛል። እየቆየ ግን ቅኝቱ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ያው ነው! በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የዚያ ዘመን ሙግ የሚባለው ሲንተሳይዘር ሲሞቅ ቅኝቱን ይለቃል። ልጆቹም ያንን ቆርጠው አልጣሉትም፣ እንዳለ ተዉት። ክራር የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ክሩ ይላላል፣ መልሰህ ትቃኛለህ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህን ሙዚቃ የማሽን ሙዚቃ ነው ማለት አልችልም።

ሌላው እጥረቱ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ሲንተሳይዘሮች በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነበር የሚያወጡት። ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ኖታ ባንድ ላይ፣ ከፈለግህ እየደራረብክ መቅዳት ነው። ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ዣን ሚሼል ዣር «ኦክሲጅን» የተባለውን አልበም በ1976 ያወጣው ፓሪስ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ባለ 8 ትራክ መቅረጫ (8 ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳ) ይዞ ሠርቶት ነው። ያ የሚሽከረከረው የጀርባ ድምፅ የቤት ኦርጋን ነው። ለጊታር በተሠራ፣ ፌዘር በሚባል ድምፅ አወዛዋዥ መሣሪያ ውስጥ አሳልፎ እንደዚያ አደረገው። ትራኩ 8 ብቻ ሲሆን የማያስፈልግ ነገር ማስገቢያ ቦታ የለህም። ለዚህ ይመስለኛል አልበሙ ውስጥ አየር ያለው። እኛ የሠርግ ኪቦርዲስቶች ግን ባዶ ቦታ ካገኘን ሳንሞላው አናድርም።

ከኛ ሰው ከፈለግህ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ አለልህ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ የጥንቱን አኮርዲዮን ከሙግ፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሪትም ማሽን ጋር ብቻውን ቀረጸ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። አኮርዲዮኑ አየር ሲስብ፣ ማሽኑ ከሥር ፍንክች ሳይል ሲመታ ልብ ብለህ ስማ። ያገራችን ቅኝት ከሲንተሳይዘር ጋር አይሄድም የሚል ካለ እሱን ያሰማልኝ።

በ«ኦክሲጅን» ጀምር። 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እባክህ አትዝለል፣ ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ ጋር የተያያዙ ናቸው። 4ኛውን ክፍል የሆነ ቦታ ሰምተኸው ይሆናል። «ፌድራ»ን ለሌሊት አቆየው። በስልክ ስፒከር ግን አትሞክረው፣ ባሱ ጭራሽ አይሰማህም።