ያጠፋሁት ማስታወቂያ ለምን ተመልሶ ይመጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፣ ማንም ሳይጠራው ኮምፒውተር ላይ ብቅ እያለ ስለሚያስቸግረው ማስታወቂያ፣ ማለትም አድዌር ስለሚባለው ነገር። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችሁ ማስታወቂያው ሲመጣ መጀመሪያ የምታደርጉት "ማጥፊያ" ፈልጎ ዳውንሎድ ማድረግ ነው፣ እባካችሁ እሱን አቁሙ፣ ምክንያቱም በነፃ እናፀዳለን ከሚሉት ውስጥ ራሳቸው አድዌር የሆኑ አሉ። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ፣ ማጥፋቱ ከዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቤታችን ኮምፒውተር ላይ በቀኝ በኩል ታች ጥግ ላይ "ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል" የሚል ነገር በየደቂቃው ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ለልጅ ዓይን የማይሆን ፎቶ ይዞ ይመጣል። ክሮምን ዘግቼው እንኳን አይተወኝም። በአንቲቫይረስ ስካን ሳደርገው ምንም የለም ይላል። ልጆቼ የቤት ስራ የሚሰሩበት ስለሆነ በጣም ጨንቆኛል፣ ምን ላድርግ? (የልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አይጨነቁ፣ ከነገሩኝ በመነሳት ኮምፒውተርዎ ውስጥ የገባ ፕሮግራም ላይኖር ይችላል፣ ይሄ የብራውዘር ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም አንድ ዌብሳይት በክሮም በኩል የሚልከው መልእክት ነው የሚመስለኝ። ለማረጋገጥ እንዲህ ያድርጉ፣ በሚቀጥለው ሲወጣ ቶሎ አይዝጉት፣ ግን ደግሞ መሃሉን አይጫኑት፣ ዝም ብለው ደቃቁን ፅሁፍ ይዩት። ጎግል ክሮም የሚል ስም እና የሆነ የዌብሳይት አድራሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ ትርጉም የማይሰጥ የፊደል ድርድር ነው። እሱን ካዩ የሚልከውን አገኙት ማለት ነው፣ አድራሻውን ወረቀት ላይ ይያዙት።

እንዴት ገባ ካሉኝ፣ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ልጆቹ ጌም ወይ ፊልም ሲፈልጉ አንድ ገፅ ይከፈትና "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ይላል፣ ላይ በግራ በኩል ደግሞ አላው እና ብሎክ የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ አላው ሲባል ለዛ ዌብሳይት መልእክት የመላክ ፈቃድ ተሰጠው ማለት ነው። ትክክለኛ የሮቦት ማረጋገጫ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፣ ይቺን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። አንቲቫይረሱ ምንም አላገኘሁም ያለው ስላልሰራ አይደለም፣ ፈቃድ ፕሮግራም ስላልሆነ ነው፣ የሚያገኘው ፋይል የለም። ክሮም ሲዘጋም የማይተወው መስኮቱ ቢዘጋም ክሮም ከጀርባ መስራቱን ሊቀጥል ስለሚችል ነው።

ማጥፊያው እዛው ክሮም ውስጥ ነው። ላይ በቀኝ ያሉትን ሶስት ነጥቦች ይጫኑ፣ ሴቲንግስ፣ ከዛ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዛ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዛ ኖቲፊኬሽንስ። ወደ ታች ሲወርዱ ፈቃድ ያላቸው ዌብሳይቶች ተዘርዝረዋል፣ የማያውቁትን ሁሉ አጠገቡ ያሉትን ነጥቦች ተጭነው ብሎክ ያድርጉት። ሪሙቭ ከማለት ብሎክ ይሻላል፣ ሪሙቭ ካሉት ያ ገፅ በድጋሚ ሲከፈት እንደገና መጠየቅ ይችላል። እዛው ገፅ ላይ ከላይ፣ ዌብሳይቶች ጭራሽ ኖቲፊኬሽን እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ የልጆች ኮምፒውተር ከሆነ እሱን መምረጥ ነው፣ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ኤጅም ፋየርፎክስም ላይ ይሄው ነገር አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ኖቲፊኬሽን ብለው ቢፅፉ ያመጣልዎታል። የአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮምም እንደዚሁ ነው፣ ስልክዎንም አንዴ ይዩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ጎግል ላይ የሆነ ነገር ሰርች ሳደርግ ወደማላውቀው ሌላ መፈለጊያ ይወስደኛል፣ ገፁ በማስታወቂያ የተሞላ ነው። ያላስገባሁት ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አገኘሁና አጠፋሁት፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ሳደርግ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ክሮም ሜኑ ላይ "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" ይላል፣ እኔ ምንም መስሪያ ቤት የለኝም የግሌ ላፕቶፕ ነው። በቅርቡ ያስገባሁት ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ነፃ ሶፍትዌር ብቻ ነው። (ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱ መጨረሻ ላይ የፃፍካት አረፍተ ነገር ውስጥ ነው፣ ያ ነፃ መቀየሪያ ነው ሌሎቹን ይዞ የመጣው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። እንደዚህ አይነት ሶፍትዌር ኢንስቶል ሲደረግ "ሪኮመንድድ" እና "ከስተም" የሚል ምርጫ ያመጣል፣ ሁላችንም ስለምንቸኩል ኔክስት ኔክስት እንላለን፣ ከስተም የሚለውን ብትከፍተው ኖሮ ግን ቀድመው ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ሶስት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ታይ ነበር። ሶፍትዌሩን የሚያከፋፍለው ሰው በእያንዳንዱ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፈለዋል፣ ነፃ የሚሆነውም በዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ኤክስቴንሽኑን ደጋግሞ ማጥፋት አይደለም፣ አንተ የምታጠፋው ቅጠሉን ነው ስሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሚመልሰውን ፈልግ። መጀመሪያ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ግባና ዝርዝሩን በገባበት ቀን እንዲደረደር አድርገው፣ በስም ከፈለግክ አታገኘውም ምክንያቱም ስማቸው እውነተኛ ነው የሚመስለው፣ በቀን ስትደረድረው ግን ፒዲኤፍ መቀየሪያው በገባበት ቀን አብረው የገቡት ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ታገኛቸዋለህ። መቀየሪያውንም ጨምረህ አንኢንስቶል አድርጋቸው። አንኢንስቶል ስታደርግ "እርግጠኛ ነህ? በምትኩ ይሄን እንስጥህ" አይነት ጥያቄ እያመጣ ቁልፎቹን የሚያቀያይር አለ፣ ቀስ ብለህ እያነበብክ ሂድ።

ከዛ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ፉል ስካን ያድርግ፣ እግረ መንገድህን ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ሬፒዩቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን በሚለው ስር "ፖቴንሻሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ" የሚለውን አብራው፣ አድዌርን የሚመለከተው ይሄ ክፍል ነው፣ ብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን ጠፍቶ ነው የማገኘው። ሁለተኛ ዓይን ከፈለግክ ማልዌርባይትስ የሚባል የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የሚያወጣው አድውክሊነር የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የተሰራው ለአድዌርና ብራውዘር ለሚጠልፉ ነገሮች ነው፣ ኢንስቶልም አያስፈልገውም፣ ግን ከራሱ ከማልዌርባይትስ ዌብሳይት ብቻ አውርደው፣ ሰርች ስታደርግ ከላይ ከሚመጡት ማስታወቂያዎች አይደለም።

ስለ "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" ደግሞ። ክሮም ለመስሪያ ቤቶች ተብሎ የተሰራ ፖሊሲ የሚባል ነገር አለው፣ የመስሪያ ቤት አይቲ ሰራተኛ ያን ተጠቅሞ ሰራተኛው ሊያጠፋው የማይችለው ኤክስቴንሽን ያስገባል። አድዌሩ ይሄንኑ በር ተጠቅሞ ራሱን እንደ አለቃህ አድርጎ አስመዝግቧል፣ ለዛ ነው አጥፍተኸው የሚመለሰው። የክሮም አድራሻ መፃፊያው ላይ በእንግሊዝኛ chrome://policy ብለህ ብትፅፍ ምን እንደታዘዘ ዝርዝሩን ታያለህ፣ "ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት" የሚል ካለ እሱ ነው። ሬጅስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ ውስጥ ገብተህ በእጅህ አትነካካ፣ አድውክሊነር ሴቲንጉ ላይ የክሮም ፖሊሲ ሪሴት የሚያደርግ አማራጭ አለው በሱ ተጠቀም። አንድ ማሳሰቢያ፣ አንዳንድ አንቲቫይረሶችም ፖሊሲ ስለሚያስገቡ ፅሁፉ ስላለ ብቻ አድዌር ነው ማለት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ የመስሪያ ቤት ከሆነማ ጭራሽ አትንካው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ከተመለሰ የሚቀሩ ሶስት መደበቂያዎች አሉ። አንዱ ታስክ ስኬጁለር ነው፣ ስታርት ላይ በስሙ ፈልገህ ክፈተውና ላይብረሪው ውስጥ ኮምፒውተር ሲበራ ወይ በየሰዓቱ እንዲነሳ የታዘዘ የማታውቀው ነገር ካለ የሚያስነሳውን ፋይል እይ፣ አፕዳታ ወይ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ስሙ የማይነበብ ከሆነ በደንብ ተጠራጠረው፣ መጀመሪያ ዲሴብል አድርገህ ሁለት ሶስት ቀን እይ፣ የጎደለ ነገር ከሌለ ሰርዘው። ሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለው የክሮም ሾርትከት ራሱ ነው፣ ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ ግባ፣ ታርጌት የሚለው መስመር ተራው ሾርትከት ላይ የሚያልቀው ክሮም ዶት ኢ ኤክስ ኢ ብሎ በጥቅስ ምልክት ነው፣ ከጥቅሱ በኋላ የዌብሳይት አድራሻ ተለጥፎ ካገኘህ አጥፋው፣ ወይም ሾርትከቱን ጥለህ አዲስ ስራ።

ሶስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ሲንክ። ክሮም ላይ በጎግል አካውንትህ ከገባህ ኤክስቴንሽኖችህ አካውንትህ ላይም ይቀመጣሉ፣ ላፕቶፑን ብታፀዳው፣ ፎርማት እንኳን ብታደርገው፣ አካውንትህን መልሰህ ስታስገባ ቆሻሻውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲንክ አጥፋ፣ በዛ አካውንት የምትጠቀምባቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ አፅዳ፣ ከዛ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ሴቲንግስ የሚለውን አድርግ፣ እሱ ቡክማርክህንና ያስቀመጥካቸውን ፓስወርዶች አያጠፋም አትፍራ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲንክን መልሰህ አብራ። ሰርችህን የሚጠልፍ ነገር የምትፅፈውን ሊያይ ስለሚችል ፀድቷል ካልክ በኋላ የኢሜልህንና የባንክህን ፓስወርድ ቀይር።

ጥያቄ፦ ሙሉ ስክሪኑን የሸፈነ ቀይ ገፅ መጥቶ እየጮኸ ማይክሮሶፍት ነን በዚህ ስልክ ደውል ካልደወልክ ኮምፒውተርህ ይቆለፋል አለኝ። አባቴ ሊደውሉ ሲሉ ነው የደረስኩት። እውነት ነው? (ሳልዘገይ የደረስኩ)

መልስ፦ ውሸት ነው፣ እንኳን ደረስሽ። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት ስልክ ቁጥር ኖሮት አያውቅም። ያ ገፅ ተራ ዌብሳይት ነው፣ ስክሪኑን ሞላው እንጂ ምንም አልቆለፈም፣ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ትንሽ ያዝ አድርጊው፣ እምቢ ካለ ኮንትሮል ሺፍት ኢስኬፕ ብለሽ ታስክ ማኔጀር ላይ ብራውዘሩን ኤንድ ታስክ በይው፣ መልሰሽ ስትከፍቺው "ገፆቹን ልመልሳቸው?" ካለሽ አይሆንም በይ። አባትሽ ወይ ሌላ ሰው ደውሎ ኮምፒውተሩን ከርቀት እንዲቆጣጠሩት ፈቅዶ ከሆነ ግን ነገሩ አድዌር መሆኑ ቀርቷል፣ ኢንተርኔቱን ወዲያው አቋርጡ፣ ያስገቧችሁን የርቀት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አጥፉ፣ ፓስወርዶችን ከሌላ ንፁህ ስልክ ቀይሩ፣ የባንክ ነገር ተከፍቶ ከነበረ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባንኩ ደውሉ። ለአባትሽም ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ ንገሪያቸው፣ ገፁ የተሰራው ሰው እንዲደነግጥ ነው፣ የሚያፍር ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

ጥያቄ፦ አድ ብሎከር ካስገባሁ አይበቃም? ወይስ ፎርማት ላስደርገው? አዲስ ላፕቶፕ ብገዛስ? (ግራ የገባው)

መልስ፦ አድ ብሎከር ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን ዌብሳይቶች ላይ ያለውን ማስታወቂያ ነው የሚከለክለው እንጂ ኮምፒውተርህ ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮግራም አያወጣውም። መጀመሪያ ለይ፣ ዊኪፔዲያን ክፈት፣ እዛ የንግድ ማስታወቂያ የለም፣ ራሳቸው ከሚያወጡት የእርዳታ ጥያቄ ውጪ የሆነ የሚሸጥ ነገር ካየህ ማስታወቂያው የሚመጣው ካንተ በኩል ነው። በሌላ ብራውዘር ሞክረው፣ እዛ ከሌለ ችግሩ ብራውዘሩ ላይ ነው፣ ሁሉም ብራውዘር ላይ ካለ ዊንዶውሱ ላይ ነው፣ በዋይፋይ የገቡት ስልኮችም ላይ ከታየ ደግሞ የራውተሩ ዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስም ሲፃፍ ወዴት እንደሚኬድ የሚነግረው) ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ራውተሩን ሪሴት አድርገህ የአድሚን ፓስወርዱን መቀየር ነው። ፎርማት የመጨረሻው ነው፣ ከላይ ለተማሪው የፃፍኩትን ሁሉ ሞክረህ ካልሆነ።

አዲስ ላፕቶፕም መፍትሄ አይደለም። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አካባቢ ከሸጣቸው ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል አድዌር ከፋብሪካው ተጭኖ ነበር የመጣው፣ የተቆለፉ የሚባሉትን የባንክ ገፆች ሳይቀር መሃል ገብቶ ማየት የሚያስችለው ሰርተፊኬት ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የካቲት ላይ ሲጋለጥ ኩባንያው ማጥፊያ አወጣ። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛም አፕስ የሚለውን ዝርዝር ገብቶ ማየትና የማያስፈልገውን ማውጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ድሮ የተፃፉ ምክሮች "ክሮም ውስጥ ክሊን አፕ ኮምፒውተር የሚለውን ተጫን" ይላሉ፣ ጎግል እሱን እ.ኤ.አ. በ2023 አስወግዶታል፣ አትፈልገው። "ፍላሽ ፕሌየርዎን አፕዴት ያድርጉ" የሚል ገፅ ከመጣም ዝጋው፣ አዶቢ ፍላሽን እ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ላይ አቁሞታል፣ አፕዴት የሚባል ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ማክ ነው የምጠቀመው፣ ማክ አድዌር አይዘውም ይላሉ፣ ግን ሳፋሪ መነሻ ገፄን በራሱ ቀይሮብኛል፣ ስመልሰው ይቀየራል።

መልስ፦ ይይዘዋል። አፕሊኬሽንስ ፎልደር ውስጥ ያላስገባሽውን አውጪ፣ ሳፋሪ ሴቲንግ ውስጥ ኤክስቴንሽኖቹን እይ፣ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ሎግኢን አይተምስ የሚለውን እይ። እየመለሱት የሚቀየር ከሆነ ግን የምጠረጥረው ፕሮፋይል ነው፣ ማለትም የማክን ሴቲንግ የሚያዝ ፋይል፣ ሲስተም ሴቲንግስ መፈለጊያ ላይ ፕሮፋይልስ ወይ ዲቫይስ ማኔጅመንት ብለሽ ፃፊ፣ የግልሽ ማክ ከሆነና አንቺ ወይ ትምህርት ቤትሽ ወይ መስሪያ ቤትሽ ያላስገባው ፕሮፋይል እዛ ካለ፣ መርጠሽ የመቀነስ ምልክቱን ተጫኚ፣ ፓስወርድ ይጠይቅሻል፣ ከዛ ሪስታርት አድርጊና መነሻ ገፅሽን እንደገና አስተካክይው።