መልስ፦ የመሥሪያ ቤት ሥራዬ እንደ አገልግሎት ይቆጠራል?

ውድ እህታችን፣ ቀን በሂሳብ ሠራተኝነት ውለው ማታ ልጆች ስለሚጠብቁዎት በቤተ ክርስቲያን ለማገልገል ጊዜ እንዳጡ ገልጸው፣ «እግዚአብሔርን እያገለገልኩ ነው ማለት እችላለሁን?» ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ይችላሉ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሲሰብክ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የእነዚያ ባልና ሚስት ነገር ነው፤ አንደበተ ርቱዑ አጵሎስ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ እያወቀ በኤፌሶን ምኵራብ ሲያስተምር በሰሙት ጊዜ፣ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል ገለጡለት።

እርስዎም አዲስ የተቀጠረች ልጅ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያው (የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሪያው) አልገጥም ብሏት ስትጨነቅ አጠገቧ ተቀምጠው ያልተመነዘረውን ቼክ እንዴት እንደምታገኘው ቢያሳዩዋት፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ ሲቀርብም ለምን እንደማይፈርሙ ቢያስረዷት፣ ሙያንም ታማኝነትንም አወረሷት ማለት ነው። (ይህ ጸሎትንና ቅዳሴን ይተካል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኛል።) ለልጆችዎ የሚሰጡት ምሽትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ከቻሉ በሳምንት አንድ የምሳ ሰዓት ለዚህ ዓይነት ሰው ይመድቡ፤ ሥራ ሲበዛ ቀድሞ የሚቀረው ይኸው ነውና ቀኑን አስቀድመው ይወስኑ።