«አብሽር» ከማለታችሁ በፊት

ዘንድሮ ከሳይኮሎጂ፣ ከነርሲንግ ወይም ከሶሻል ወርክ ተመርቃችሁ ወሎ ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፦ እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል።

እኛ አገር ሰው ሲጨነቅ «አብሽር» እንላለን። ደግ ቃል ናት። በ2013 ክረምት ግን፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያርፍ፣ ይቺው ቃል ባዶዋን ስትቀር አየሁ።

አንዲት እናት ጥቁር ሰሌዳው ሥር ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከእኛ ቡድን አንዱ ወጣት ደብተሩን ይዞ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ምን ደረሰብዎት? እስቲ ይንገሩኝ» አላቸው። ቀና ብለው አዩት። «የኔ ልጅ፣ ትናንትም ጠይቀውኛል። ከትናንት ወዲያም። እናንተ እርስ በርስ አትነጋገሩም እንዴ?» አሉት። እሱ ደንግጦ «አብሽሩ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» አለ። እሳቸው ከመቀነታቸው ስልክ አወጡ። ባትሪው ሞቷል። ልጃቸው ኋላ ቀርቷል፤ ቢደውልስ?

ቻርጀር ፍለጋ አንድ ሰዓት ዞርን። ስልኩ ሲበራ ሴትዮዋ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አዳራሽ፣ ስላይድ፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። የሕመም ስም አስተማርኩት እንጂ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ አላስተማርኩትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ዋናው ነገሩ ሦስት ቃል ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ቻርጀሩ ሦስተኛዋ ናት። ሰውን ገና አደጋው ሳይበርድ ተቀምጦ ሁሉን እንዲተርክ ማድረግ ድሮ ፋሽን ነበር። ሲጠና ግን አልጠቀመም፤ አንዳንዱንም ሳይጎዳ አልቀረም። ስለዚህ ስታሠለጥኑ ስላይዱን ቀንሱና ትወና አሠሩ። አንዱ ተፈናቃይ ይሁን፣ ሌላው አምስት ደቂቃ ምንም ሳይጠይቅ አጠገቡ ይቀመጥ። ትስቃላችሁ መጀመሪያ። «አላውቅም፣ አጣርቼ እመለሳለሁ» ማለትንም ተለማመዱ። ብላችሁ ደግሞ ተመለሱ።

ይህን እርዳታ የሚሰጠውን ቡድን አደጋ ሲመጣ አታቋቁሙት። ያኔ ስልክ የሚያነሳም አይገኝ። አሁን፣ በደህናው ቀን፣ ወደ ቅሬው ሂዱ። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ የሚያስቀብር ነው፤ ማን ማንን እንዳጣ ከእናንተ ፎርም በፊት ያውቃል። የቅሬውን ዳኛ፣ ሼሁን፣ ቄሱን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከእናንተ ጋር አብራችሁ አሠልጥኑ። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ቡድን፣ አንድ መዝገብ ይሁን። አምስት ቡድን አምስት ደብተር ይዞ ሲገባ ምን እንደሚባል ከላይ ሰምታችኋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሙ። ድሮም መድኃኒት ላይ የነበረ ሰው ጥሎ ነው የሚሸሸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥበት የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊይዘውና ሊሞት ይችላል። የከባድ አእምሮ ሕመም ያለበትም ያገረሽበታል። በገባችሁበት የመጀመሪያ ቀን በየክፍሉ ጠይቁ፤ በሜጋፎን ሳይሆን በጆሮ፣ ሰው ያፍራላ! በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱ።

ከተፈናቀለው አብዛኛው ሰው ሐኪም አይፈልግም። ምግብ፣ መጠለያ፣ ዘመድ ሲያገኝ ቀስ እያለ ይመለሳል። በግጭት አካባቢ ካለ ሰው ከአምስቱ አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም እንደሚኖርበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። እሱን ለይቶ ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው። ለቀረው ግን ብርድ ልብስ ከሚያድለው ልጅ ጋር መግባባት ከብዙ ምክር ይበልጣል። እኛ እንዲያውም ከብርድ ልብስ አዳዮቹ ጋር ተጣልተን ነበር፣ በክፍል ቁልፍ!

ስለ ራሳችሁም ልበል። ያን ሰሞን ቤት እየገባሁ በሆነው ባልሆነው ልጆቼ ላይ እጮህ ነበር። ባለቤቴ አንድ ማታ ሽሮውን አቅርባ «ሰውየው፣ አንተስ ማን ይይህ?» አለችኝ። በማግስቱ ሥራ ስንጨርስ ቡና አስፈላን። እስከ በረካ ድረስ ማንም ስለ ሥራ አላወራም። ያ ልጅም ደብተሩን ዘግቶ ቆሎ ሲያዞር አመሸ።